ቱርቦ ላለው የናፍጣ መኪና ኖክ ሴንሰር ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ «ጅማ ነው የምኖረው። ቡና ጭኜ ወደ አዲስ አበባ የምመላለስበት አይሱዙ ኤንፒአር አለኝ። ሞተሩ ቱርቦ ያለው 4ኤችጂ1-ቲ ነው። ጠዋት ሲነሳ ኳ ኳ ይላል፤ ሲሞቅ ይቀንሳል። ጊቤን ተሻግሬ ወደ ወልቂጤ ስወጣ ዳገቱ ላይ እንደገና ያንኳኳል። አንድ መካኒክ ‹ቱርቦ ያለው ሞተር ኖክ ሴንሰር ከሌለው ፒስተኑ ይበሳል። ከቤንዚን መኪና አውጥቼ ልግጠምልህ፤ ሞተሩ ሲያንኳኳ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራልሃል› አለኝ። ላስገጥም ወይ? ካስገጠምኩስ የት ነው የሚታሰረው?»

መልስ፦ አያስገጥሙት። የትም ቢታሰር በዚህ ሞተር ላይ አይጠቅምም። መካኒኩ የነገረዎት ነገር ለሌላ ዓይነት ሞተር እውነት ነው። ቱርቦ ላለው የቤንዚን ሞተር ኖክ ሴንሰር የግድ የሚያስፈልግ ዕቃ ነው። የእርስዎ ግን ናፍጣ ነው። ናፍጣ ደግሞ በዚህ ጉዳይ የቤንዚን ተቃራኒ ነው። ይህን ሳይለዩ ገንዘብ ቢያወጡ ኪሳራው ሁለት ነው፦ አንዱ የሴንሰሩ ዋጋ፣ ሌላው «መብራቱ አልበራም» ብለው ተማምነው ሲነዱ የሚበላሸው ሞተር። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ እንይ። ኖክ ሴንሰር የሞተሩን ማንኳኳት የሚያዳምጥ፣ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ትንሽ ቁራጭ ነው። ብዙ ጊዜ መሃሉ ቀዳዳ አለው፤ በአንድ ቡሎን ከሞተሩ ብሎክ ጋር ይታሰራል። ውስጡ ሲጨመቅና ሲርገበገብ ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ክሪስታል አለ። ብሎኩ ሲንቀጠቀጥ እሱም አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ንቅናቄውን ወደ ቮልቴጅ ይለውጣል። ሥራው እዚህ ያበቃል። የሰማው ድምፅ የጤና ይሁን የበሽታ እሱ አይለይም። የሚለየው ኮምፒውተሩ ነው።

ኮምፒውተሩም ዝም ብሎ አያዳምጥም። ክራንክ ሻፍቱ የት እንደደረሰ ከሌላ ሴንሰር ያነባል። ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ወደ ታች ሲመለስ ማንኳኳት ሊፈጠር የሚችልባት አጭር ጊዜ አለች። የሚያዳምጠው በዚያች ጊዜ ብቻ ነው። ያኔም ከድምፁ ውስጥ የሚፈልገውን ድግግሞሽ ይመርጣል። ይህ ድግግሞሽ በዋናነት በሲሊንደሩ ስፋት ይወሰናል። ሲሊንደሩ 80 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ የቤት መኪና ሲያንኳኳ ድምፁ 7 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው። የእርስዎ ሞተር ሲሊንደር 115 ሚሊሜትር ነው፤ ስሌቱ ወደ 5 ኪሎኸርዝ ይወርዳል። አንዳንድ ሴንሰሮች ለአንድ ሞተር ድግግሞሽ ብቻ የተቃኙ ናቸው። ከቤት መኪና የተፈታ እንዲህ ያለ ሴንሰር የእርስዎን ሞተር በቅጡ አይሰማም።

ሰፊ ድግግሞሽ የሚሰማው ዓይነት ቢሆንስ? እሱ ደግሞ ሁሉንም ይሰማል። የናፍጣ ሞተር ጤነኛ ሆኖም በየፍንዳታው ብሎኩን ይመታዋል። ባልቦላውም፣ ጥርሶቹም፣ ናፍጣ ፖምፓውም ይጮሃሉ። መሃል ላይ የሚያጣራ ኮምፒውተር ከሌለ መብራቱ ወይ ሁሌ እንደበራ ይቀራል፣ ወይ ጭራሽ አይበራም።

በዚያ ላይ ዋናው ነገር ቀርቷል። የቤንዚን መኪና ኮምፒውተር ማንኳኳት ሲሰማ እርምጃ ይወስዳል። የካንዴላውን እሳት በጥቂት ዲግሪ ያዘገያል፤ በአንዳንድ መኪኖች የቱርቦውን ግፊትም ይቀንሳል። የእርስዎ ሞተር እሳት የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። ናፍጣውን የሚልከው ሜካኒካል ፖምፓ ነው። መቼና ምን ያህል እንደሚልክ የሚወስኑት ጥርሶች፣ ስፕሪንጎችና ገቨርነሩ (የሞተሩን ዙር የሚቆጣጠረው ክፍል) ናቸው። ሴንሰሩ ቢጮህ የሚሰማው የለም።

«ቱርቦ ካለ ኖክ ሴንሰር» የሚለው አባባል ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የመጣው ከቤንዚን ቱርቦ መኪኖች ነው። የአሜሪካው ቢዩክ በ1978 ሞዴል ቱርቦ መኪኖቹ ላይ ማንኳኳት የሚሰማ ሴንሰር ገጥሞ የካንዴላውን እሳት እንዲያዘገይ አደረገ። የስዊድኑ ሳብ ደግሞ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማንኳኳቱን ሰምቶ የቱርቦውን ግፊት የሚቀንስ ሥርዓት አወጣ። ቱርቦና ኖክ ሴንሰር አብረው ያደጉት በዚህ መንገድ ነው። በቤንዚን መኪና የሠለጠነ መካኒክ ሁለቱን አይነጣጥልም፤ ለዚያ ሞተር ትክክል ነው።

አሁን ወደ ልዩነቱ። በቤንዚን ሞተር ውስጥ ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው ይገባሉ። ካንዴላው ይለኩሳል፤ እሳቱ ከአንድ ቦታ ተነስቶ እየበላ ይሄዳል። እሳቱ ገና ያልደረሰበት ጥግ ላይ ያለው ቅልቅል ግን በግፊትና በሙቀት ብዛት ተራውን ሳይጠብቅ ራሱን ሊያፈነዳ ይችላል። የቤንዚን ማንኳኳት ይህ ነው። ቱርቦ ግፊቱንም ሙቀቱንም ስለሚጨምር አደጋውን ያባብሰዋል። ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን የሚፈለገውም ቅልቅሉ ራሱን በቶሎ እንዳያፈነዳ ነው።

በናፍጣ ሞተር የሚገባው አየር ብቻ ነው። አየሩ እስከ 17 እና 18 እጥፍ ተጨምቆ ይግላል። ናፍጣው በዚያ ግለት ላይ ሲረጭ ራሱን ያያይዛል። ራሱን ማያያዙ ጥፋት ሳይሆን ሥራው ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ማያያዙ ሲዘገይ ነው። ከሰል ላይ ላምባ አፍስሰው ወዲያው ክብሪት ቢጭሩ ረጋ ብሎ ይያያዛል። ቆይተው ቢጭሩ ግን ቡፍ ብሎ ቅንድብ ይለበልባል። በሲሊንደሩ ውስጥም እንዲሁ ነው። ናፍጣው መረጨት ከጀመረ በኋላ እሳቱ ከዘገየ ብዙ ናፍጣ ይጠራቀምና ባንድ ጊዜ ይቀጣጠላል። ግፊቱ ድንገት ይዘላል። እርስዎ የሚሰሙት ኳ ኳ ይህ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ቱርቦው ምን ያደርጋል? አየሩን አስቀድሞ ይጨምቀዋል፤ ያሞቀዋልም። ሞቃትና ጥቅጥቅ ባለ አየር ውስጥ ናፍጣ ቶሎ ይያያዛል። መዘግየቱ ያጥራል፤ ድንገተኛው ፍንዳታ ይለዝባል። ባጭሩ ቱርቦ በቤንዚን ሞተር ማንኳኳትን ያመጣል፣ በናፍጣ ሞተር ያለሰልሳል። ስለዚህ «ቱርቦ ስላለው ያንኳኳል» የሚለው ሐሳብ ለእርስዎ መኪና የተገለበጠ ነው። እንዲያውም ቱርቦው በደንብ ካልሠራ ነው የሚያሰጋው።

ነዳጁም ተገልብጦ ነው የሚነበበው። ለናፍጣ የሚፈለገው ቶሎ የመያያዝ ባሕርይ ነው፤ ሲቴን ይባላል። ናፍጣ ውስጥ ቤንዚን ሲገባ ሲቴኑ ይወርዳል፣ ማንኳኳቱ ይጨምራል። ላምባ ሲቀላቀል ደግሞ የናፍጣው ቅባትነት ይቀንሳል፤ ፖምፓና ኢንጀክተር (ናፍጣ መርጫ) ይበላል። ነዳጅ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚገዙ ከሆነ ይህን አጥብቀው ያስቡበት። ጀሪካኑ ትናንት ምን ይዞ እንደነበር የሚያውቅ የለም። እንደ ጅማ ባለ ዝናብ በሚበዛበት አገር በርሜል ውስጥ ውሃ ይገባል። ውሃ የሚለየውን ፊልትሮ በየጊዜው ከሥር ፈትተው ያፍስሱ።

ጠዋት የሚሰሙትን ድምፅ ከዚህ ተነስተው ይረዱታል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ እጅ ገደማ ያንሳል። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ሳሳ ያለ ነው፤ ሲጨመቅም የዚያን ያህል አይጠነክርም። ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይረገጥ) ቱርቦው የሚገፋው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ጉድለቱን አይሞላም። ብሎኩም ሌሊቱን ቀዝቅዞ አድሯል። ናፍጣው ይዘገያል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ትንሽ ነጭ ጭስ ይታያል። ሞተሩ ሞቆ ድምፁ ከጠፋ ይህ ብቻውን ሞተር አያስወርድም። ጭሱ ቶሎ ካልጠፋ ወይም ድምፁ ከወር ወር እየባሰ ከሄደ ግን የሚንጠባጠብ ኢንጀክተር፣ የማይሠራ የማሞቂያ ካንዴላ ወይም የደከመ የፒስተን ፋሻ ይጠርጥሩ።

እኔን ያሳሰበኝ የዳገቱ ድምፅ ነው። ጤነኛ ቱርቦ ናፍጣ ሞቆ፣ ጭነት ላይ ሆኖ፣ ቱርቦው እየገፋ ሲሄድ እንደዚያ ማንኳኳት የለበትም። መንገዱን አስቡት። ከሰኮሩ አልፈው በአበልቲ ቁልቁል ይወርዳሉ። ጊቤ ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ከፍታው 1,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ሙቀቱ ልብስ ያስወልቃል። ከዚያ ሙሉ ጭነት ይዘው ወደ ወልቂጤ 800 ሜትር ያህል ይወጣሉ። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ለረጅም ጊዜ የሚሠራው እዚህ ነው። የተደበቀ ጉድለት ካለ እዚህ ይወጣል።

በዳገት ላይ ለሚሰማ ማንኳኳት ብዙ ጊዜ የማገኘው የመጀመሪያ ምክንያት ኢንጀክተር ነው። ጫፉ ሲበላ ወይም ስፕሪንጉ ሲደክም ናፍጣውን እንደ ጉም መበተኑ ይቀርና እንደ ቧንቧ ውሃ ባንድ ቦታ ያፈሳል። ፒስተን የሚበሳውም በዚህ መንገድ ነው። መካኒኩ የፈራው ነገር አለ፤ የሚመጣበት በር ግን ሌላ ነው። በናፍጣ ሞተር ፒስተኑን የሚበላው የሚነድ ናፍጣ አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍና ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የፖምፓው ታይሚንግ፣ ማለትም ናፍጣው የሚረጭበት ጊዜ ነው። በከፍታ ቦታ ጉልበት ለማግኘት ብለው ታይሚንጉን ቀደም የሚያደርጉ አሉ። መኪናው ለጊዜው ይፈጥናል፤ ባለንብረቱም ይደሰታል። ነገር ግን ናፍጣው አየሩ ገና በደንብ ሳይግል ይረጫል። መዘግየቱ ይረዝማል፣ የግፊቱ ጫፍ ይጨምራል፣ ቴስታታ ጓርኒሲዮኑና ኩሽኔታው ይጎዳሉ። ፖምፓው ተፈትቶ የተገጠመ ከሆነ ማን እንደገጠመውና በምን እንደለካው ይጠይቁ። «በጆሮ ነው ያስተካከልኩት» ካለዎት እንደገና በመለኪያ ይታይ።

ሦስተኛው ናፍጣ ማስጨመር ነው። የፖምፓው ማኅተም ተሰብሮ ቡሎኑ ተዙሮ ከሆነ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ያያሉ። ጥቁር ጭስ ማለት አየር ያልበቃው ናፍጣ ነው። ኃይል መስሎ ይታያል፤ በእውነቱ ግን ሙቀት ነው። ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄደው የአየር እጥረት ነው። በቡና ለቀማ ወቅት ከጅማ ዞን ቡና አብቃይ ቦታዎች፣ ከጎማ፣ ከጌራ፣ ከሊሙ በኮረኮንች መንገድ ሲያጓጉዙ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ይታፈናል። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ማኒኮታ (የአየር ቱቦ) ይሰነጠቃል፤ ማሰሪያው ፋሸታ ይላላል። ቱርቦው ይጮሃል፣ አየሩ ግን መንገድ ላይ ያልቃል። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ማኒኮታውን በእጅዎ ይዳስሱ። ስንጥቅ ካለበት ቦታ ዙሪያ ጥቁር፣ ቅባታማ አቧራ ተለጥፎ ያገኛሉ።

ጭነቱንም ልንገርዎት፤ ባልናገር ደስ አይለኝም። ሊብሬው ላይ ከተጻፈው በላይ ከጫኑ የትኛውም ጥገና አያድነዎትም። ደግሞ በከፍተኛ ማርሽ ሞተሩ እያቃሰተ ዳገት የሚያወጣ ሹፌር አለ፤ ናፍጣ የቆጠበ ይመስለዋል። ዙሩ ዝቅ ሲል ቱርቦው የሚገፋው አየር ያንሳል፣ የውሃና የዘይት ዝውውሩም ይቀንሳል፣ ጫናው ግን አይቀንስም። ማርሽ ቶሎ መቀነስ ለሞተሩ እረፍት ነው።

አሁን ልብ ይበሉ። የሚያንኳኳ ሁሉ ፍንዳታ አይደለም። የቢየላ ኩሽኔታ ሲበላ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅና ዘይቱ ሲቀጥን ይብሳል። የዘይት ግፊቱም ይወርዳል። የባልቦላ ክፍተት ሲሰፋ ደግሞ ቀጭን፣ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። የፒስተን ልቅነት ሲቀዘቅዝ ይሰማል፣ ሲሞቅ ይጠፋል። እርስዎ የጻፉት የጠዋት ድምፅ ከሁለት ከሦስቱ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ በጽሑፍ ብቻ ፍርድ መስጠት አልችልም፤ መለየት የሚቻለው ሞተሩ ዘንድ ቆሞ ነው።

አለያየቱ እንዲህ ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ መካኒኩ ወደ አንዱ ኢንጀክተር የሚሄደውን የቧንቧ ዳዶ በቁልፍ ሩብ ዙር ያህል ያላላል። ናፍጣው በዳዶው ሥር ይፈሳል፤ ያ ሲሊንደር ሥራ ያቆማል። ሞተሩ ይንገጫገጫል። በዚያች ቅጽበት ኳ ኳው ከጠፋ የድምፁ ምንጭ እዚያ ሲሊንደር ውስጥ ነው። ዳዶውን አጥብቆ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ድምፁ በአንዱ ላይ ጨርሶ ከጠፋና ያ ሲሊንደር ሲሠራ ጭስ ካለ ኢንጀክተሩን ይጠርጥሩ። ድምፁ ቀንሶ ወፍራም ቅሪት ከተወ፣ የዘይት ግፊቱም ዝቅ ካለ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። በአራቱም ላይ ለውጥ ከሌለ ምንጩ ከፍንዳታ ውጭ ነው። የዘይት ፊልትሮውን አስቆርጠው ወረቀቱን ዘርግተው ይዩት። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለ ጊቤን ዳግም አይሻገሩ።

እዚህ ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህን ሙከራ የምለው የእርስዎ ዓይነት ሜካኒካል ፖምፓ ላለው ሞተር ብቻ ነው። ኮመን ሬይል በሆነ (ናፍጣው በኮምፒውተር ቁጥጥር በከፍተኛ ግፊት በሚረጭበት) አዲስ መኪና ላይ ማንም ቧንቧ እንዳያላላ። እዚያ ያለው ግፊት ከ1,600 ባር በላይ ሊሆን ይችላል። በዓይን የማይታይ የናፍጣ ጨረር ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ ይመስላል፤ ጣት ግን ያስቆርጣል። እንዲህ የደረሰበት ሰው ሕመሙ እስኪጀምር ሳይጠብቅ ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ናፍጣ ወደ ሥጋው መግባቱንም ለሐኪሙ ይንገር። በእርስዎም መኪና ላይ ቢሆን እጅዎን ከቧንቧው ያርቁ፤ መነጽር ይደረግ። የሚፈሰው ናፍጣ የጋለው ማኒፎልድ (ጭሱ ከሞተሩ የሚወጣበት ብረት) ላይ እንዳይደርስ ጨርቅ ይያዝ።

ለሴንሰሩ የያዙትን ገንዘብ ምን ላይ ያውሉት? ለቱርቦ ናፍጣ ሞተር የሚጠቅመው የጭስ ሙቀት መለኪያ ነው። ከተቻለ የቱርቦ ግፊት መለኪያም ይጨመርበት። የሙቀት መለኪያው ጫፍ ጭሱ ቱርቦው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማኒፎልዱ ላይ ይገባል። ሹፌሩ ፊት ያለው ሰዓት ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ ሙቀት ይነግረዋል። ኖክ ሴንሰር የማይሰጠውን ነገር ይህ ይሰጣል፤ ሹፌሩ አይቶ እግሩን ያነሳል ወይም ማርሽ ይቀንሳል።

አገጣጠሙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማኒፎልዱ ከሞተሩ ሳይፈታ ከተበሳ የብረት ፍርፋሪ ወደ ቱርቦው ይገባል። የቱርቦው ምላጮች በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ ሊሽከረከሩ ይችላሉ፤ አንድ ፍርፋሪ ይበቃቸዋል። ማኒፎልዱ ይፈታ፣ ውጭ ይበሳ፣ ይጽዳ፣ ይመለስ። ሰነፍ ገጣሚ ከቱርቦው በኋላ ማርሚታው መስመር ላይ ልግጠመው ይልዎታል። እዚያ ላይ ሙቀቱ ከእውነተኛው በ100 ዲግሪና ከዚያ በላይ ዝቅ ብሎ ይነበባል። አይቀበሉት።

ቁጥሩን ልስጥዎ። ከቱርቦው በፊት የሚለካው ሙቀት ዳገት ላይ ከ650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ቢቆይ ደኅና ነው። 650 አልፎ እየወጣ ከሆነ ማርሽ ይቀንሱ፣ ጋዙን ያላሉ። 700 ከደረሰ ዳገቱ መሃል ላይም ቢሆን ፍጥነቱን ይተዉት፤ እስኪወርድ ይጠብቁ። ጭነትዎ ሳይለወጥ፣ መንገዱ ሳይለወጥ፣ ሙቀቱ ካለፈው ወር ከጨመረ ሞተሩ አንድ ነገር እየነገረዎት ነው። የአየር ፊልትሮውንና ማኒኮታውን መጀመሪያ ይዩ፤ ከዚያ ኢንጀክተሩን። ዳገት ጨርሰው ሲቆሙ ደግሞ ሞተሩን ወዲያው አያጥፉ። ሰዓቱ ከ200 በታች እስኪወርድ በሚኒሞ ይተዉት፤ ካለበለዚያ የቱርቦው ዘይት በቦታው ይቃጠላል።

መለኪያው ግን የማይነግርዎት ነገር አለ። አንድ ሲሊንደር ብቻ ቢታመም የአራቱ ጭስ ተቀላቅሎ ስለሚለካ ችግሩ ላይታይ ይችላል። ኩሽኔታ መብላቱንም አይነግርዎትም። ለዚያ የዘይት ግፊት መለኪያና ጆሮ ያስፈልጋሉ።

ኖክ ሴንሰር በከባድ መኪና ላይ ጭራሽ የለም አላልኩም። በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠሩ ቱርቦ ያላቸው የጭነት መኪኖች ካንዴላ አላቸው፤ እንደ ቤንዚን ስለሚያንኳኩ ፋብሪካው ኖክ ሴንሰር ይገጥምላቸዋል። አንዳንድ ኮመን ሬይል የናፍጣ ሞተሮችም ብሎኩ ላይ ተመሳሳይ ሴንሰር አላቸው። የዴልፊ ኩባንያ የናፍጣ መርጫ ሥርዓት ለምሳሌ እያንዳንዱ ኢንጀክተር ትንሿን የመጀመሪያ ርጭት መቼ እንደሚጀምር የሚማረው በዚህ ሴንሰር ነው። እነዚህ ግን ከፋብሪካ ጀምሮ ከኮምፒውተሩ ጋር የተዋደዱ ናቸው። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ፒ0325 ወይም ፒ0327 የሚል (የኖክ ሴንሰር ጉድለት የሚያመለክት) ኮድ ቢወጣ ወዲያው ሴንሰር አይግዙ። መጀመሪያ ሶኬቱና ሽቦው ይታይ፤ ቡሎኑ በትክክል መታሰሩም ይረጋገጥ። ቀዳዳ ያለው ዓይነት ብዙ ጊዜ በ20 ኒውተን ሜትር ነው የሚታሰረው፤ ብረቱ ንጹሕ ሆኖ፣ ከሥሩ ሮንዴላ ሳይገባ። ከልክ በላይ ከጠበቀ ወይም ዝገት ላይ ከተቀመጠ በደንብ አይሰማም። ሽቦውን ቆርጦ መብራቱን ማጥፋት ደግሞ ሞተሩን ያለ ጠባቂ መተው ነው።

የእርስዎ ቅደም ተከተል ይህ ይሁን። በዚህ ሳምንት የአየር ፊልትሮውን፣ ማኒኮታውንና ፋሸታዎቹን ያስመርምሩ፤ ውሃ የሚለየውን ፊልትሮ ያፍስሱ፤ ናፍጣ ከታወቀ ማደያ ይቅዱ። ቀጥሎ አራቱን ኢንጀክተሮች አስፈትተው የኢንጀክተር መሞከሪያ ፓምፕ ባለው ቤት ያስፈትሹ። እዚያው ቆመው ይዩ። ጤነኛው እንደ ጉም በትኖ፣ አጭር የሚንጠረጠር ድምፅ አሰምቶ ይዘጋል፤ ጫፉ ላይ ጠብታ አይንጠለጠልም። የመክፈቻ ግፊቱ ለሞተርዎ በተጻፈው ልክ ይስተካከል። አንዱ ተበላሽቶ ከተገኘ የአራቱንም ጫፍ ይቀይሩ፤ አንዱ አዲስ ሦስቱ አሮጌ ሲሆኑ ሞተሩ አይስተካከልም። ከዚያ ታይሚንጉ በመለኪያ ይታይ። ይህ ሁሉ ሆኖ ዳገት ላይ አሁንም ካንኳኳ ኮምፕሬሽን ያስለኩ፤ የዘይት ግፊቱም ሞተሩ ሲሞቅ በመለኪያ ይታይ። ግፊቱ ዝቅ ካለ ካርተሩ (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) ተከፍቶ የቢየላ ኩሽኔታዎቹ ሳይታዩ ጭነት አይጫኑ።